የመኪና ፕላስቲክ ሳይሰበር እንዴት ይወልቃል? የእህቴን መኪና ስንሸጥ የሆነው

ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ሞተሩ ነው። ኮፋኖ ይከፈታል፣ ዘይት ይታያል፣ ጭስ ይሸተታል። ከዚያ ጎማው፣ ከዚያ ወንበሩ ይመጣል። በጎማው ዙሪያ ያለውን ጥቁር ፕላስቲክ፣ በሩ ላይ የተለጠፈውን መስመርና ባምፐሩን ግን ብዙዎቻችን እንደ ጌጥ ነው የምናያቸው። ከዛሬ ሃያ ዓመት በፊት አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ረዳት ሆኜ ስሠራ ሥራውን ያስተማሩኝ ባለሙያ «ፕላስቲክ የመኪና ጋቢ ነው» ይሉን ነበር። ጋቢው ሳይነሳ ስለ ሸሚዙ ማንም አይመሰክርም። ሲነሳ ደግሞ በወግ በወጉ ነው እንጂ እየጎተቱ አይደለም።

አሁን ጋራዥ አልሠራም። ቦሎቄና ቅመም ወደ ናይሮቢ፣ የቤት ዕቃና ትናንሽ የመኪና ዕቃዎች ወደ ሞያሌ የማመላልስ ነጋዴ ነኝ። እንደኔ በዚህ መንገድ የሚኖሩ ሰዎች መኪና እንደሚገዙ፣ እንደሚሸጡ፣ አንዳንዴም አንድ የተሰነጠቀ ፕላስቲክ የአንድ ወር ትርፍ እንደሚበላ ያውቃሉ። ስለዚህ ባለፈው ሐምሌ የእህቴን መኪና ስንሸጥ የሆነውን ከነአሠራሩ ልጻፈው ብዬ ነው። ታሪኩ የቤተሰብ ነው፤ አሠራሩ ግን ለማንም ይጠቅማል።

እህቴ ኢስሊ ውስጥ ልብስ ትሸጣለች። ባለቤቷ ባለፈው ዓመት አረፈ፤ ነፍሱን ይማረውና ትቶላት የሄደው ትልቁ ንብረት አንድ ቶዮታ ራቭ ፎር መኪና ነው። መኪናው በ2010 እ.ኤ.አ. ጃፓን የተመረተ ነው፤ በሞምባሳ ወደብ የገባው ደግሞ በ2017 ነው። ኬንያ ከተመረተ ከ8 ዓመት ያለፈው ያገለገለ መኪና ስለማታስገባ ዕድሜው ገና ሳያልፍ ነው የደረሰው። እህቴ ለብዙ ጊዜ በሰው ሱቅ ጥግ ተለጥፋ ከሠራች በኋላ የራሷ የምትለው ጠባብ ሱቅ አገኘች። ኢስሊን የምታውቁ እንደምታውቁት ግን ከኪራዩ በፊት ጉድዊል የሚባል ገንዘብ ይከፈላል። የጉድዊሉ ቀን ደግሞ የወሩ መጨረሻ ነበር። መኪናው ከዚያ በፊት ካልተሸጠ ሱቁ ለሌላ ሰው ይሄዳል።

ገዢ ተገኘ። የእኛው ሰው ነው፤ በሞያሌና በማርሳቢት የሚነግድ፣ በዕድሜ የገፋ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንለው ሰው። ዋጋው 1 ሚሊዮን 100 ሺህ ሽልንግ ተባለ፤ ብዙም አልተከራከረም። ሞተሩን አየ፣ ነድቶ ሞከረ፣ ወደደው። ከዚያ እየዞረ ሲያይ የኋላው የቀኝ ጎማ ጋ ሲደርስ ቆመ። በጎማው ዙሪያ ያለው ፕላስቲክ ከላሜራው ጋር አልገጠመም፤ ጣት የማያስገባ ጥፍር ግን የሚያስገባ ክፍተት አለው። ሲጫነው ሲጥ አለ። የግራውን ሄዶ ነካው፤ እሱ ዝም ያለ ነው።

«ይሄ መኪና ተገጭቷል» አለ። «ተገጭቶ ተቀጥቅጦ ነው ፕላስቲክ የለበሰው። መቶ ሃምሳ ሺህ ቀንሱልኝ።»

እህቴ ፊቷ ተለወጠ። «ጋሼ፣ እሱ መኪናውን አስገጭቶ አያውቅም። እኔ ከጎኑ ሳልቀመጥ የሄደበት መንገድ ጥቂት ነው» አለችው።

«ልጄ፣ አንቺን አልጠረጠርኩም። ብረቱን ነው የጠረጠርኩት» አላት።

150 ሺህ ሽልንግ ማለት የጉድዊሉ ግማሽ ነው። ከገንዘቡ በላይ ግን ሌላ ነገር ነበረበት፤ የሞተ ሰው ራሱን መከላከል አይችልም። ባሏ ደብቆ የሸጠላት ነገር እንዳለ ተደርጎ መነገሩ ነው እህቴን ያመማት።

ጋሼ አብሮት አንድ ወጣት ፉንዲ ይዞ መጥቶ ነበር። ልጁ ጠፍጣፋ ካቻቢቴ ከኪሱ አውጥቶ «ዳኪካ ሞጃ» አለ፤ በአንድ ደቂቃ ነቅሎ ሊያሳየን ነው። እጁን ያዝኩት። እንዲህም ተስማማን፦ ፕላስቲኩን እኔ አወልቀዋለሁ፣ ሁለቱም ወገን ቆሞ ያያል። ሳወልቅ ከሰበርኩ እኔ እከፍላለሁ። ከሥሩ የግጭት ምልክት ከተገኘ እህቴ የተጠየቀችውን ትቀንሳለች። ካልተገኘ ጋሼ የተነጋገርነውን ይከፍላል። ስዋሂሊዎቹ «ሃራካ ሃራካ ሃይና ባራካ» ይላሉ፤ ችኮላ በረከት የለውም ማለት ነው። እኛም «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንላለን። ሁለቱም ለዚህ ሥራ የተነገሩ ይመስላሉ።

ካቻቢቴውን ለምን ከለከልኩ? ሦስት ጉዳት ስላለው ነው። አንደኛ፣ የብረት ጫፍ ሲጠመዘዝ የሚደገፈው በላሜራው ላይ ነው፤ ቀለሙን ይጨፈልቀዋል፤ የተጨፈለቀ ቀለም ከፕላስቲክ ሥር ተሸፍኖ ሲቀር ዝገት እዚያ ይጀምራል። ሁለተኛ፣ ኃይሉ በአንድ ነጥብ ላይ ስለሚያርፍ የፕላስቲኩ ጠርዝ ይነጣል። ጥቁር ፕላስቲክ ላይ ነጭ መስመር ካያችሁ ያ ቦታ ከልክ በላይ ተጎብጧል ማለት ነው፤ እንደ መጀመሪያው አይሆንም። ሦስተኛ፣ ክሊፕ የሚቀመጥበት የፕላስቲኩ ማቀፊያ ይሰበራል። ክሊፕ በትንሽ ብር ይገዛል፤ ማቀፊያው ግን የራሱ የፕላስቲኩ አካል ስለሆነ እሱ ከተሰበረ ሙሉ ዕቃ መግዛት ነው።

የናይሮቢ ሐምሌ ቀዝቃዛ ነው። ከተማው ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ላይ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ደመናው አይነሳም። ፕላስቲክ ደግሞ ሲቀዘቅዝ ይደርቃል፣ ይሰበራል። ስለዚህ ሥራውን ጠዋት በ2 ሰዓት መጀመር እየቻልን እስከ 6 ሰዓት ጠበቅን። መኪናውንም የቀኝ ጎኑ ፀሐይ እንዲያገኝ አዙረን አቆምነው። አዲስ አበባ በክረምት፣ ወይም ደብረ ብርሃን በጥቅምት ለምትሠሩም ይኸው ነው፤ ሞያሌ ከሆናችሁ ግን ሙቀቱ ራሱ ግማሹን ሥራ ይሠራላችኋል።

ስንጠብቅ መኪናውን አጠብን። ይሄ ለውበት አይደለም። በፕላስቲኩና በቀለሙ መካከል ያለው አሸዋ ፕላስቲኩ ሲንቀሳቀስ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ቀለሙን ይፍቃል። በዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙናና በብዙ ውሃ ጠርዝ ጠርዙን አጥቦ ማድረቅ ያስፈልጋል። ከደረቀ በኋላ ከፕላስቲኩ ጠርዝ ቀጥሎ ባለው ቀለም ላይ የወረቀት ፕላስተር በሁለት ድርብ ለጠፍኩ፤ መሣሪያው ቢያንሸራትተኝ የሚጫረው ፕላስተሩ ነው። ከዚያ በስልክ ፎቶ አነሳሁ፤ ከሩቅ፣ ከቅርብ፣ ከጎማው ውስጥ። ፎቶው ሁለት ጥቅም አለው፦ መልሶ ሲገጠም የትኛው ቪቴ የት እንደነበር ያስታውሳል፣ ክርክር ቢነሳም ምስክር ነው።

መሣሪያዬ ብዙ አይደለም። የፕላስቲክ መፈልቀቂያ በናይሮቢ ኪሪንያጋ መንገድ ላይ ካሉ የመኪና ዕቃ ሱቆች በስብስብ ይገኛል። ያላገኘ ሰው ከደረቅ ቀርከሃ ወይም ከአሮጌ የእንጨት ማማሰያ ጫፉን ስስ አድርጎ ጠርቦ ሊሠራ ይችላል፤ ዋናው ነገር ከቀለሙ የለሰለሰ መሆኑ ነው። ከዚያ ሌላ የቪቴ መፍቻ፣ የፀጉር ማድረቂያ፣ ፒንሳ፣ የእጅ ባትሪ፣ እና ቪቴና ክሊፕ የሚጠራቀምበት ሳህን ያስፈልጋል። የእህቴ ሳህን ነበር፤ «ሽሮ እንዳይሸተው አጥቤዋለሁ» ብላ ስታመጣው በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሁላችንም ሳቅን።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። ማንኛውንም የውጭ ፕላስቲክ ለማውለቅ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ «ምን ይዞታል?» የሚለው ነው። የሚይዙት ነገሮች አምስት ዓይነት ናቸው።

የመጀመሪያው ቪቴ ነው። የሚደበቀው ከጎማው ውስጠኛ ጠርዝ፣ ከባምፐሩ ሥር፣ በሩ ሲከፈት በሚታየው ጠርዝ ላይ ነው። አንድ ቪቴ ሳይፈታ ቀርቶ ፕላስቲክ ከተጎተተ የሚሰበረው እዚያው ቪቴው ጋ ነው። ስለዚህ «አልወጣም» ካለ ኃይል ከመጨመር በፊት ቪቴ መፈለግ ይሻላል።

ሁለተኛው መሐሉ ላይ ትንሽ መርፌ ያለው ክብ ክሊፕ ነው። አንዳንዱ መሐሉ ወደ ውጭ ሲሳብ ይለቃል፣ አንዳንዱ ትንሽ ወደ ውስጥ ሲጫኑት ይለቃል፣ አንዳንዱ እንደ ቪቴ ሩብ ዙር ይዞራል። መሐሉ ከለቀቀ በኋላ ብቻ ነው ሙሉው የሚወጣው። ወደ ውስጥ የሚጫነውን ጠልቆ እስኪገባ ከጫናችሁት መርፌው ውስጥ ወድቆ ይቀራል፤ ትንሽ ብቻ ነው።

ሦስተኛው ከፕላስቲኩ ጀርባ የሚበቅል፣ የዓሣ አጥንት የመሰለ ወይም ሁለት ትከሻ ያለው ክሊፕ ነው። ይሄ ከፊት አይታይም። መፈልቀቂያው ልክ ክሊፑ አጠገብ ገብቶ በቀጥታ ወደ ውጭ መሳብ ነው እንጂ መሐል ለመሐል አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ሲወጣ ስለሚጎዳ መለዋወጫ አስቀድሞ መግዛት ብልህነት ነው።

አራተኛው ከፕላስቲኩ ጋር አብሮ የተቀረጸ ጥርስ ነው። እሱ የሚወጣበት አቅጣጫ አለው፤ ወደ ኋላ ወይም ወደ ላይ ተንሸራቶ ነው የሚለቀው። ወደ ውጭ ከተጎተተ ይቆረጣል።

አምስተኛው ደብል ቴፕ ነው። ይህን የሚያሸንፈው ጉልበት ሳይሆን ሙቀት ነው። የፀጉር ማድረቂያውን ሳያቆሙ ወዲያ ወዲህ እያንቀሳቀሱ ማሞቅ፤ ልኩም እጃችሁ ነው። መዳፍ አስቀምጣችሁ መታገስ ካቃታችሁ በዝቷል። ቀለም የሚያቃጥለውን ትልቁን የጋራዥ ማሞቂያ ለዚህ ሥራ ባታነሱት ይሻላል።

በእህቴ መኪና ላይ ከነዚህ ሦስቱ ነበሩ፦ ከጎማው ውስጥ ቪቴ፣ ከጀርባ ክሊፕ፣ ከላይ በጠርዙ ስስ ቴፕ። ሥራውን የጀመርኩት በጠረጠርነው በቀኙ ሳይሆን በግራው ነው። ጋሼ «እሱን ምን ያደርግልሃል?» አለኝ። ምክንያቱም ግራው ሳይነካ የኖረ ከሆነ ፋብሪካው እንዴት እንደሠራው ይነግረናል፤ ቀኙን የምንመዝነው በእሱ ነው። ሁለተኛ፣ ክሊፖቹ የት የት እንዳሉ እዚያ ላይ እማራለሁ። መኪና ግራና ቀኙ እንደ መንትያ ነው፤ አንዱ የሌላውን ምስጢር ያወጣል።

በግራው ከጎማው ውስጥ ያሉትን ቪቴዎች ፈታሁ፣ ጠርዙን አሞቅሁ፣ ከታችኛው ጫፍ ጀምሬ መፈልቀቂያውን ቀስ እያልኩ አስገባሁ። ከታች የሚጀመረው ቢጫር እንኳ ዓይን የማይገባ ቦታ ስለሆነ ነው። ክሊፑ ሲለቅ «ጧ» የሚል አጭር ድምፅ አለው፤ ይሄ ጥሩ ድምፅ ነው። «ክርርር» የሚል ረጅም ድምፅ ከሰማችሁ ግን ቁሙ፤ ፕላስቲኩ እየተቀደደ ነው። አንዱ ክሊፕ ሲለቅ ወደ ቀጣዩ፣ አንድ እጅ ሁልጊዜ የተፈታውን ጫፍ ደግፎ፤ ካልተደገፈ የራሱ ክብደት የቀረውን ይሰብረዋል። ግራው ሙሉውን ወጣ። ከሥሩ ንጹሕ የፋብሪካ ቀለም፣ በመስመር የተደረደሩ ትናንሽ የነጥብ ብየዳ ጉድጓዶች፣ እና በመጋጠሚያው ላይ በፋብሪካ የተቀባ ማሸጊያ አየን። ጋሼ ራሱን ነቀነቀ።

ከዚያ ወደ ቀኙ። የመጀመሪያውን ቪቴ ፈታሁ፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። አራተኛው ጋ ስደርስ ቆምኩ። እሱ የቶዮታ ቪቴ አልነበረም። ራሱ ብረት እየበሳ የሚገባ፣ ለቆርቆሮ የሚሆን ዓይነት ቪቴ ነው፤ ጭንቅላቱ ዝጓል። በግራው በዚያ ቦታ ምንም ቪቴ የለም። ሁሉም እንዲያዩት ጠራኋቸው፣ ፎቶ አነሳሁት፣ ከዚያ ፈታሁት።

እህቴ ቪቴውን እጇ ላይ ይዛ ብዙ ዝም አለች። ከዚያ ትዝ አላት። አንድ ጊዜ ባሏ ከሞያሌ ሲመለስ ይሄ ፕላስቲክ መንገድ ላይ ለቆ ነፋስ እያርገበገበው ኢሲዮሎ ደርሷል። ከሞያሌ እስከ ኢሲዮሎ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አስፋልቱ ጥሩ ነው፤ ነፋሱ ግን የማርሳቢት ነፋስ ነው። ኢሲዮሎ ያገኘው ሰው በቪቴ አስሮለት ሌሊቱን ቤቱ ገባ። ጠዋት ስትጠይቀው «ተስተካክሏል» አላት። ሌላ ነገር አልተነጋገሩበትም።

ፕላስቲኩን አሙቄ አወለቅሁት። ሳይሰበር ወጣ። ከሥሩ የደረቀ ቀይ ጭቃ ተጋግሮ ነበር። በውሃና በለስላሳ ብሩሽ አጠብነው። አንዱ የክሊፕ ቀዳዳ ውስጥ የተቆረጠ የክሊፕ አንገት ተቀብሮ ቀርቷል፤ ፕላስቲኩ የለቀቀው በዚህ ምክንያት ነው። ከእሱ አጠገብ ቪቴው የበሳው ቀዳዳ አለ፤ በዙሪያው የአንድ ሽልንግ ሳንቲም የሚያህል ዝገት።

አሁን ዋናው ጥያቄ ይህ ዝገት የግጭት ነው ወይስ የቪቴው ብቻ የሚለው ነው። አራት ነገር አየን፤ እናንተም መኪና ስትገዙ እነዚህን እዩ። የነጥብ ብየዳዎቹ ከግራው ጋር በቁጥርም በርቀትም አንድ ናቸው፤ ተቀጥቅጦ የተሠራ ላሜራ ይህ አይኖረውም ወይም ተሸፍኖ ይጠፋል። የፋብሪካው ማሸጊያ አልተቋረጠም። በጨርቅ የጠቀለልኩት ማግኔት በሁሉም ቦታ እኩል ያዘ፤ ስቱኮ ያለበት ቦታ ቢሆን ይላላ ነበር። ዝገቱን በሹል ነገር ስነካው ብረቱ ጠንካራ ነው፣ አልተበሳም፤ ውስጥ ለውስጥ የተበላ ብረት ሲነካ ይፈረፈራል። ከጃፓን የሚመጣ መኪና በረዶ የሚጥልበትና መንገዱ ላይ ጨው የሚረጭበት አካባቢ የነበረ ከሆነ ዝገቱ ሰፊ ሆኖ ከታች ጀምሮ ይወጣል። ይሄኛው ግን አንድ ነጥብ ነው፤ መሐሉ ላይ ቀዳዳው አለ።

ጋሼ መነጽሩን አውልቆ በእጅ ባትሪ አየ። ጎንበስ ብሎ ብዙ ቆየ። ከዚያ ቀና ብሎ ለእህቴ «ልጄ፣ ይቅርታ፤ አልተገጨም» አላት።

እህቴ ግን «ዝገቱ ግን አለ» አለችው። «ቀዳዳውም አለ። ያላየሁትን አላየሁም ብዬ ነበር፤ አሁን ካየሁት በኋላ ዝም አልልም። ማሳደሻውን ልቀንስልህ።»

ለማከም የሚያስፈልገው ተሰላና 15 ሺህ ሽልንግ ቀነሰች። 1 ሚሊዮን 85 ሺህ። ጋሼ ገንዘቡን በማግስቱ ባንክ አስገባላት። እኔ በልቤ «ሳትነግሪውም ይከፍል ነበር» ብዬ ነበር፤ ለእሷ ግን አልነገርኳትም። ባሏን ከጠረጠረው ሰው ፊት እሷ ምንም ያልደበቀች ሆና መቆሟ ከ15 ሺሁ በላይ እንደነበር ፊቷ ላይ ይታይ ነበር።

መልሶ መግጠሙንም እኔው ሠራሁት፤ ማውለቅ ያለ መግጠም ግማሽ ሥራ ነውና። ዝገቱን እስከ ንጹሕ ብረት በብርጭቆ ወረቀት ፋቅሁት፣ አንቲረስት ቀባሁት፣ ከደረቀ በኋላ በመኪናው ቀለም ሸፈንኩት፣ ቀዳዳውን በጎማ መድፈኛ ዘጋሁት። ከቀዳዳው ውስጥ የተቆረጠውን የክሊፕ አንገት በፒንሳ አወጣሁ። አሮጌው ቴፕ የቀረበትን ቦታ እያሞቅሁ በአውራ ጣቴ አሽከረከርኩት፤ አብዛኛው እንደ ሙጫ ተንከባልሎ ይወጣል። የቀረውን ነጭ ጋዝ በነካ ጨርቅ ጠርጌ ወዲያው በሳሙና አጠብኩት። ቲነር ግን በፍጹም፤ በተለይ ሁለተኛ የተቀባ ቀለም ከሆነ ይዞት ይነሳል።

አዲሱ ቴፕ የሚለጠፈው በአልኮል በተጠረገና በደረቀ ቦታ ላይ ነው። ትንሽ አሙቆ፣ በመዳፍ አጥብቆ ተጭኖ፣ ቢያንስ 24 ሰዓት ውሃ ሳይነካው መቆየት አለበት። ክሊፖቹ አዲስ ናቸው። መሐሉ መርፌ ያለው ክሊፕ ሲመለስ መርፌው መጀመሪያ ወደ ቦታው ተመልሶ ነው የሚገባው፤ ይህን የሚዘነጋ ብዙ ነው። ክፍተት በሲሊኮን መሙላት የሚወዱ አሉ፤ እሱ ውሃን አስገብቶ እንዳይወጣ ያደርጋል፤ ዝገትን ማርባት ነው። ሁለቱንም ጎን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ለማውለቅ ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጅቷል። ፉንዲው ልጅ እስከ መጨረሻው ቆሞ አየ፤ ሲሄድ አንዱን መፈልቀቂያ ሰጠሁት።

ስለ ሌሎቹ ፕላስቲኮች በአጭሩ ልበል። በሩ ላይ በቴፕ ብቻ የተያዘ መስመርና የመኪናው ስም የተጻፈበት አርማ በመፈልቀቂያ አይነቀልም። ካሞቃችሁ በኋላ ቀጭን የናይለን ክር፣ ዓሣ የሚጠመድበት ዓይነት፣ ከኋላው አስገብታችሁ እንደ መጋዝ ወዲያ ወዲህ እያላችሁ ቴፑን ትቆርጣላችሁ። ከዚያ በፊት ግን አርማው ከጀርባው እግር አለው ወይ የሚለውን እዩ፤ እግር ካለው ክሩ እዚያ ሲደርስ ይቆማል፣ ከዚያ በኋላ ቀጥታ ወደ ውጭ ነው። ከመስኮቱ በላይ የሚለጠፈው የዝናብ መከላከያ ሲያረጅ ደርቆ ስለሚሰነጠቅ በማሞቁ ላይ አትሰስቱ። ባምፐር ለአንድ ሰው ሥራ አይደለም፤ ሁለት ሰው ሁለቱን ጫፍ ይያዝ፣ ሙሉ በሙሉ ከመሳባችሁ በፊትም የመብራትና የሴንሰር ገመዱን ፍቱ።

ያገለገለ ፕላስቲክ የምትገዙ ደግሞ ፊቱን ሳይሆን ጀርባውን እዩ። ፊት በቀለም ይታደሳል፤ ጀርባ አይዋሽም። ማቀፊያዎቹንና ጥርሶቹን ቁጠሩ፣ የነጣ መስመር ፈልጉ። ከጀርባው በላቲን ፊደል የተቀረጸ ምልክት አለ። ፒፒ የሚል ካለበት ጎበጥ ማለት የሚችል ዓይነት ነው፤ ቀለምና ማጣበቂያ ግን ያለ ልዩ መነሻ ቅብ በደንብ አይዘውም። ኤቢኤስ የሚል ከሆነ ቀለም ይይዛል፣ ሲያረጅ ግን ይደርቃል፣ አሴቶን ደግሞ ያሟሟዋል። ደረሰኝ ጠይቁ፤ ሌሊት ከሰው በር ላይ የተነቀለ ዕቃ ይዛችሁ ኬላ ላይ መቆም አትፈልጉም።

ድንበር ለሚሻገር ዕቃ አንድ ነገር ልጨምር። ኬንያ መሪው በቀኝ ነው፣ ኢትዮጵያ በግራ። ለተመሳሳይ ሞዴል የጎማ ዙሪያ ፕላስቲክና የበር መስመር ብዙ ጊዜ ለሁለቱም ይሆናል። ከፓራብሬዛው ሥር ያለው፣ የዝናብ መጥረጊያው የሚወጣበት ፕላስቲክ ግን የመሪውን ጎን ተከትሎ ስለሚገለበጥ አይሆንም። የፊት መብራትም ቢገጥም እንኳ ብርሃኑ የሚወረወረው ወደ ተቃራኒው ጎን ነው፤ ማታ ከፊት የሚመጣውን ሰው ያሳውራል። ይህን ሳያጣሩ ገዝተው ሞያሌ ላይ ዕቃ ታቅፈው የቀሩ ሰዎች አይቻለሁ። ረጅም ፕላስቲክ በአውቶቡስ ሲላክ ሳይታጠፍ ከካርቶን ጋር ይታሰር፣ ከማዳበሪያ ሥርም አይግባ፤ በሙቀት ቀኑን ሙሉ የጎበጠ ፕላስቲክ ጎብጦ ይቀራል።

እህቴ ጉድዊሉን ወሩ ሳያልቅ ከፈለች። ሱቁ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ጠባብ ነው፤ የራሷ ነው። ጋሼ ከማርሳቢት ዝናብ በኋላ ደውሎ ፕላስቲኩ ሲጥ እንኳ እንደማይል ነገረኝ። እኔም ከዚያ ወዲህ በሻንጣዬ ውስጥ አሥር ክሊፕ፣ አንድ መፈልቀቂያና ጥቅል ደብል ቴፕ አይጠፋም። ሦስቱ ተደምረው ከአንድ ምሳ ብዙም አይበልጡም፤ መንገድ ላይ ፕላስቲክ የለቀቀበት ሰው ካገኛችሁ ቆርቆሮ ቪቴ ከሚያስገባ ክሊፕ ስጡት። መልካም መንገድ።